አስከሬኑን ማምጣትና ገንዘቡን መጠየቅ ሁለት ጉዳይ ነው

ታናሽ ወንድሜ ሪያድ ውስጥ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ሲሠራ በመንገድ ላይ በደረሰ ግጭት ሕይወቱ አለፈ። ይህን የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሐረርና ከአካባቢያቸው ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር የሸኙ ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ፣ እኛ ግን ሐዘኑ በደረሰብን ጊዜ ከየት እንደሚጀመር የሚነግረን ሰው አጥተን ስለተንከራተትን ነው። ከሁሉ በፊት የምመክረው፣ አስከሬኑን የማምጣቱን ጉዳይና ለሟቹ የሚገባውን ገንዘብ የመጠየቁን ጉዳይ በአንድ ወረቀት ላይ እንዳታጣምሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ነገሮች ብዙ አያስቸግሩም። ወሬውን ከሥራ ባልደረባው እንደሰማን ሪያድ ወዳለው ኤምባሲያችን ደውለን አስመዘገብን፤ አደጋው በጅዳ በኩል ቢሆን ኖሮ እዚያ ላለው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት እናመለክት ነበር። የሚጠየቁት የፓስፖርቱ ቅጂ፣ የኢቃማው (የሳውዲ መኖሪያ ፈቃዱ) ቁጥርና የአሠሪው ስልክ ናቸው። ልጁ በሕይወት እያለ እነዚህን ሦስቱን ቤት ውስጥ አስቀምጡ። ሞቱ በአደጋ የመጣ ስለሆነ አስከሬኑ የፖሊስ ምርመራ እስኪያበቃ ድረስ ከሆስፒታል አልወጣም፤ ያ ጊዜ ወረቀት የሚዘጋጅበት እንጂ ዝም ተብሎ የሚጠበቅበት አይደለም።

በእኛ ልማድ መርዶ የሚነገረው ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ነው። ሽማግሌዎቻችን አስከሬኑ አዲስ አበባ እስኪገባ ለእናታችን እንዳይነገራት ወስነው ነበር። እኔ ግን ወንድማችን ሚስትም ልጅም ስላልነበረው የሚፈለገው ፊርማ የእርሷ መሆኑን ስላወቅሁ፣ በማግሥቱ ሌሊት የንስሐ አባቷንና ጎረቤቶቻችንን ይዤ መርዶውን አስነገርኩ። እስከ ዛሬ የሚወቅሱኝ ዘመዶች አሉ። ልማዱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን እናት ሳታውቅ የእናትን ፊርማ ማግኘት አይቻልም፤ ከእርሷ ተደብቆ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ልጇ በባዕድ አገር ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚያድርበት ቀን ነው።

እውነተኛው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሪያድ ያለው የአጎታችን ልጅ አስከሬኑን እንዲረከብ ውክልና መላክ ነበረብን፤ ለውክልናው ደግሞ እናታችን እናቱ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ደብዳቤውን እንዲጽፍልን የጠየቅነው ቢሮ፣ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፣ «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ካላመጡ አንጽፍም» አለን። የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጠን ስንጠይቅ ደግሞ በቅድሚያ የሞት ማስረጃ ማቅረብ እንዳለብን ተነገረን። የሞት ማስረጃው ያለው ሳውዲ ነው፤ እዚያ የሚሰጠውም ውክልና ለያዘ ሰው ነው፤ ውክልናው የሚሰጠውም ያ ደብዳቤ ሲገኝ ነው። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለች ሠራተኛው መታወቂያዋን ደጋግሞ እያገላበጠ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ፊቷን አላየም። እኛ የለመንነው ልጃችንን እንድንቀብር ነበር፤ እርሱ የሚመልስልን ስለ ውርስ ነበር። ይህን ሳስታውስ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የሚከለክል ሕግ ጠቅሶልን አያውቅም፤ የሚጠቅሰው «አሠራራችን» የሚለውን ብቻ ነበር።

መውጫውን ያሳዩን የዕድራችን ጸሐፊ ናቸው፤ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ማመልከቻችንን አንብበው፣ «ልጄ፣ እናንተ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ጠይቃችኋል» አሉኝ። አዲስ ማመልከቻ ጻፉልን፤ በውስጡ ስለ ንብረት፣ ስለ ካሳና ስለ ውርስ አንድም ነገር የለም፤ ያለው አንዲት እናት የልጇን አስከሬን ለመረከብ እናትነቷ እንዲገለጽላት መጠየቋ ብቻ ነው። ያንኑ ይዘን ለኃላፊው ስናቀርብ ደብዳቤው በዚያው ዕለት ተፈረመ። ሰነዱ ያው፣ ምስክሮቹም ያው ነበሩ።

ስለ ውክልናው ይዘት የምመክረው ከብዙ ሰው ምክር ይለያል። ለማፋጠን ሲባል ሙሉ ውክልና እንድንሰጥ ከባለሥልጣንም ከዘመድም ተነግሮናል። እንዳትሰጡ። የእኛ ውክልና አስከሬኑን፣ የሞት ማስረጃውን፣ ፓስፖርቱንና የግል ዕቃውን ለመረከብ ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ገንዘብ መቀበል፣ መታረቅና ይቅር ማለት እንደማይችል በግልጽ ተጽፎበታል። የድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ «ሟቹ የሚቀረው መብት የለም» የሚል ወረቀት አምጥቶ አስከሬኑ ከመሸኘቱ በፊት እንዲፈረም ሲጠይቅ፣ የአጎታችን ልጅ ሥልጣን እንደሌለው ውክልናውን አሳይቶ መለሰው። አስከሬኑም ሳይፈረም ተሸኘ፤ በሳውዲ የሠራተኛ ሕግ አስከሬኑን የማዘጋጀትና ውሉ ወደተፈረመበት ወይም ሠራተኛው ወደተቀጠረበት ቦታ የመላክ ወጪ የአሠሪው ነውና። ስለዚህ አሠሪው በጽሑፍ ሳይጠየቅ ወገኖቻችን መዋጮ እንዲጀምሩ አትፍቀዱ፤ «እኛ እናስመጣላችኋለን» እያሉ ለሚደውሉ ደላሎችም ምንም አትላኩ።

ውክልናው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና አዲስ አበባ ያለውን የሳውዲ ኤምባሲ ማኅተም ካገኘ በኋላ ቀሪው በሥርዓቱ ሄደ። ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት የሚያውቀው ሰው ፊቱን እንዲያይ አስቀድመን አሳስበን ነበር። በዚንክ የታሸገ ሳጥን ቤት ከደረሰ በኋላ «ይከፈትና እንየው» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ የአጎታችን ልጅ በዓይኑ አይቶ ስለነገረን ግን ሽማግሌዎቹ እሺ አሉ፤ ሳይከፈት ተቀበረ። ከቦሌ የዕቃ ማረፊያ ተረክበን በአዋሽ፣ በጭሮና በቁልቢ አድርገን በየብስ አመጣነው፤ የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ የሰፈራችን ሰዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከታች ቆመው ይጠብቁን ነበር።

የገንዘቡን ጉዳይ የጀመርነው ከአርባው በኋላ ነው። በዐረብኛ የተጻፈውን የሞት ማስረጃ ከማስተርጎማችን በፊት ጎረቤታችን ሼህ የአባቱንና የአያቱን ስም ከፓስፖርቱ ጋር አመሳከሩልን፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ በኋላ ሌላ ሰው ነው ይባላልና ይህን አትለፉት። ሞቱን በ30 ቀናት ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታ መሆኑን የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ይደነግጋል፤ ውጭ አገር የደረሰ ሞት በኤምባሲ ይመዘገባል። የወራሽነት ማስረጃው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 መሠረት ከፍርድ ቤት የሚወጣ ሲሆን፣ አባታችን በሕይወት ስለሌለ የእርሱ ድርሻ ለእኛ ለእኅትና ወንድሞቹ ስለሚያልፍ የሁላችንም ስም ሊገባበት ግድ ነበር። አስከሬኑ ይህን ሁሉ እስክንጨርስ ይቆይ ቢባል ኖሮ እናታችን ምን ትሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ውክልና ለሌላ ሰው ሰጥተናል። እርሱም የቀረ ደመወዙን፣ የአገልግሎት ክፍያውንና አሠሪው ለሥራ ላይ አደጋ ከሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና የሚገኘውን ካሳ ጠይቋል። ድያው፣ ማለትም የደም ካሳው፣ የሚወሰነው የትራፊክ ፖሊስ በሚያወጣው የጥፋት ድርሻ መጠን ስለሆነ፣ አሁን የምንጠብቀው እርሱን ነው።