የሠርግ ካሴት አላችሁ ወይ?

አባባ ተስፋዬ ያረፉት ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን ድሬዳዋ ውስጥ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ስማቸው ይነሣ ነበር። እናቴ ስኒ እያጠበች ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «የኔን ልጅ እኮ አቅፈውት ነበር» አለች። ከዚያ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ።

ወንድሜ በ1985 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ከአክስታችን ጋር አዲስ አበባ ሄዶ በእርሳቸው የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ «የልጆች ጊዜ» ላይ ቀርቦ ተረት ተናግሯል። እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለን ማየታችን ትዝ ይለኛል፤ ከተናገረው ግን አንድም ቃል አላስታውስም። በ1995 ዓ.ም. ታሞ ሞተ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። እኛ ነፍሳችንን ይዘን ወጣን፤ ቤታችንና የፎቶ አልበማችን ከጎርፉ ጋር ሄዱ። ስለዚህ የወንድሜ ፊትና ድምፅ በአንድ ላይ የሚገኙበት ነገር በዓለም ላይ ቢኖር ያ ተረት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው ወደሚሄድበት፣ ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው መዝገብ ቤት ነው። የተቀበሉኝ ሰዎች በትሕትና ቀኑን ጠየቁኝ፤ አላውቅም። ወሩን ጠየቁኝ፤ እናቴ «ከፋሲካ በፊት ይመስለኛል» አለች። በዚህ ምልክት ማንም ምንም ሊያገኝ አይችልም፤ አልፈረድኩባቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ዓለም የጠፋ ፕሮግራሙን እንዴት እንደሚፈልግ ማንበብ የጀመርኩት። የቴሌቪዥን ካሴት በጊዜው ውድ ዕቃ ስለነበር ትልልቅ ጣቢያዎች ሳይቀሩ የተላለፈውን እያጠፉ በላዩ ላይ ይቀርጹ ነበር። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያጠፋው ብዙ ነው። «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ድራማ የጠፉ 9 ክፍሎች በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መገኘታቸው የተነገረው ናይጄሪያ ውስጥ ጆስ ከተማ ካለ ጣቢያ ነው። ሥዕላቸው የጠፋ ክፍሎችም ድምፃቸው የተረፈው ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ ስለቀዱት ነው። ፊላደልፊያ ውስጥ ደግሞ ሜሪየን ስቶክስ የምትባል ሴት ከ30 ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ስትቀዳ ኖራ 70,000 ያህል ካሴት ትታ ሞታለች። ይህን ሳነብ መዝገብ ቤትን ተውኩት። መፈለግ ያለብኝ ከጣቢያው ርቆ የሄደውን፣ ሰው በቤቱ የቀዳውን ነበር።

ድሬዳዋ ዕቃ ከጅቡቲ የሚገባባት ከተማ ስለሆነች በሰፈራችን ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻና መቅጃ፣ የነበራቸው ቤቶች አምስት ነበሩ። እናቴና ሁለት የዕድር ጓደኞቿ ቁጭ ብለው ቆጠሩልኝ። የማን ዴክ እንደነበረ ብቻ አይደለም፤ በስንት ብር እንደተገዛ፣ ማን ሲያየው እንደቀና ሁሉ ያውቃሉ። አንዱ ቤተሰብ ጅዳ ነው፤ አንዱ ጅቡቲ፤ አንዱ ቶሮንቶ፤ ሁለቱ እዚሁ ናቸው። ለሁሉም በኢሞና በቴሌግራም ደወልኩ። «የአባባ ተስፋዬ ካሴት አላችሁ?» አልኩ። አምስቱም የለንም አሉ። አምስቱም እውነታቸውን ነበር፤ የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው።

ከዚህ በፊት ግን የሠራሁትን ጥፋት መናገር አለብኝ። እዚሁ ድሬዳዋ ካሉት ከሁለቱ ቤቶች በአንዱ ቆጥ ላይ ጽሑፍ የሌለበት አንድ ካሴት ተገኘ። ባለቤቶቹ ምን እንዳለበት አያውቁም። ደስታዬ አላስቀመጠኝም፤ በዚያው ቀን አሮጌ ዴክ ከሰው ገዝቼ፣ ሳላጸዳውና በሌላ ካሴት ሳልሞክረው ከተትኩት። ሥዕሉ አንዴ ብልጭ አለ፤ የሰው ጥላ መሰለኝ። ከዚያ ዴኩ እንደ ወፍጮ አጓራና ቆመ። ከፍቼ ሳየው ክሩ እንደ አንጀት ተጎልጉሎ፣ ተጨማድዶ፣ በሁለት ቦታ ተበጥሷል። እስከ ዛሬ በዚያ ካሴት ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም። ወንድሜ ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሥቶኛል፤ ፍለጋውንም ያቆምኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የተመለስኩት በ2014 ዓ.ም. ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ካሜራ የያዘውን ልጅ እያየሁ በድንገት አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይዞ አይሄድም። ሠርጉን ይዞ ይሄዳል። በዚያን ዘመን ደግሞ አዲስ ካሴት መግዛት ቀላል ስላልነበረ ሠርግ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ ከቤት በተገኘ፣ ቀድሞ ሌላ ነገር በተቀዳበት ካሴት ላይ ነው። የተለመደው ካሴት 3 ሰዓት ይይዛል፤ ከ250 ሜትር በላይ ክር ነው። ሠርጉ ሁለት ሰዓት ከፈጀ የቀረው አንድ ሰዓት ላይ አሮጌው ነገር ሳይነካ ተቀምጧል ማለት ነው። ሠርጉን የሚያይ ሰው ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ ዴኩን ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማን ያየዋል?

እንደገና ደወልኩ። አሁን ጥያቄዬ «የሠርግ ካሴት አላችሁ ወይ?» ሆነ። ጅዳ ያሉት ነበራቸው፤ ግን እዚያ ይሸጥ የነበረው ዴክ የእኛንም ካሴት ስለሚያጫውት ደጋግመው ተጠቅመውበታል፤ በላዩ ላይ ሌላ ሠርግ፣ በዚያም ላይ የሕንድ ፊልም ተቀድቷል። ጅቡቲ ያሉት ለልጆች መጫወቻ ሰጥተውታል። ቶሮንቶ ያሉት፣ ማለትም ያ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠን ያየንባቸው ጎረቤቶቻችን፣ በ1988 ዓ.ም. ልጃቸውን ድረው በ1990 ዓ.ም. ተጠቃለው የሄዱ ናቸው። ስልኩን ያነሣችው ሙሽራዋ ራሷ ናት።

«እትዬ፣ የሠርግሽ ካሴት አለ?»

«አለ የኔ እናት፤ ግን ተበላሽቷል። እዚህ ከገባን ጀምሮ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ሥዕሉ ይንከባለላል፤ ድምፁም የሰው ድምፅ አይመስልም። ባለቤቴ መንገድ ላይ ተቃጥሎ ነው አለኝ። እንዳልጥለው ሠርጌ ነው።»

ይህን ስሰማ ልቤ መምታት ጀመረ፤ ካሴቱ እንዳልተበላሸ ገብቶኝ ነበርና። የእኛ አገር ቴሌቪዥን በካሴቱ ዘመን ይከተለው የነበረው ፓል የሚባለውን ሥርዓት ነው፦ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። ካናዳና አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ፦ 525 መስመር፣ በሰከንድ 30 ገደማ። ካሴቱ በመልክ አንድ ነው፤ ገጥሞ ይገባል፤ የክሩ ፍጥነትና የሥዕሉ አቀማመጥ ግን ይለያያል። የካናዳው ዴክ የእኛን ካሴት ሊያነብ አልቻለም እንጂ ካሴቱ ደኅና ነው። እንዲያውም የዳነው ስላልተነበበ ነው። ጅዳ የሄደው ስለሚሠራ ተሠርቶበት አለቀ፤ ቶሮንቶ የሄደው አይሠራም ተብሎ ምድር ቤት ካርቶን ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ተኛ። የሚፈልግ ሰው ካለ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝልኝ ይህን እመርጣለሁ፦ ካሴቱን ማጫወት የማይችል አገር የሄዱትን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ፖስታ ቤት ሳይሆን መንገደኛ መረጥኩ። እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው። የአየር ማረፊያው ኤክስሬይ እንደማይጎዳው፣ የሚጎዳው ማግኔት መሆኑን አንብቤ ስለነበር መንገደኛዋን የለመንኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን፤ ማግኔት ካለበት ዕቃ ጋር አይቀመጥ። ከመላኩ በፊት እትዬ በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ እንድትሰብራት አደረግኩ፤ እርሷ ከሌለች ማንም በስሕተት በላዩ ሊቀዳ አይችልም። በ2016 ዓ.ም. ካሴቱ ድሬዳዋ ገባ።

በዚህ ጊዜ ራሴ አልነካሁትም። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ዕድሜውን በሙሉ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሽማግሌ አለ፤ ፓሉንም ኤንቲኤስሲውንም የጅቡቲውንም ሴካም የሚያነቡ ዴኮች አሉት። ካሴቱን ሳቀብለው ወደ ዴኩ ይወስደዋል ብዬ ስጠብቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አናየውም?»

«ዛሬ አይሆንም። ከብርድ አገር የመጣ ነው፤ ድሬን ይልመድ» አለኝ።

በማግሥቱ አምስቱን ብሎኖች ፈትቶ ክሩን በባትሪ ብርሃን ዳር ዳሩን አየው። ሻጋታ ካለ እንደ ዱቄት ነጣ ብሎ እዚያ ላይ ይታያል። አልነበረበትም። ቶሮንቶ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበት ይኖራል ብዬ ስሰጋ ነበር፤ ለካስ ካርቶኑ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነበር የቆየው። ቀጥሎ ዴኩን በንጹሕ አልኮል ጠረገ፤ የማንም ያልሆነ ካሴት አስገብቶ ሩብ ሰዓት አጫወተ፤ አውጥቶ ክሩ እንዳልተቧጨረ ተመለከተ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የመጀመሪያውን ካሴቴን እያሰብኩ አለቀስኩ። አንድ ቀን መታገሥና አንድ ተራ ካሴት ማስቀደም ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።

ሌላው ያስተማረኝ ነገር ገና የመጀመሪያውን ስናጫውት እየቀዳን መሆን እንዳለበት ነው። አሮጌ ካሴት ለሁለተኛ ጊዜ ላይነበብ ይችላል። ስለዚህ «እስቲ ምን እንዳለበት እንይ» የሚባል ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ መቅዳት ሳይጀምር ዴኩ አይነካም። ወደፊት ማጠንጠንም የለም። ሠርጉን ሙሉውን አየነው፦ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ። የእትዬ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ነጭ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲጨፍሩ፤ እናቴ በወጣትነቷ ትሪ ተሸክማ በካሜራው ፊት ስታልፍ።

ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ ገቡ። ሥዕሉ ቆመ፤ ጥቂት ሰከንድ በረዶ ብቻ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች የቀስተ ደመና ቀለም እንደ መጋረጃ ወረደና ከሥሩ ሌላ ሥዕል ወጣ።

ወንድሜ ነበር። ጀምሯል፤ «ተረት ተረት» ያለበት ከሠርጉ ሥር ጠፍቷል። «…ጅቡም፣ ‹አህያ ሆይ፣ ዛሬስ ለብቻሽ ነሽ› አላት» ከሚለው ይጀምራል። አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። የሹራቡን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ያፍተለትላል፤ ጅቡ ሲናገር ድምፁን ያወፍራል፤ አህያዋ ስታመልጥ ራሱ ቀድሞ ይስቃል። የፊት ጥርሱ አንዱ ወልቋል። ረስቼው ነበር፤ ጥርሱ የወለቀው በእኔ ምክንያት ነበር፤ ደረጃ ላይ ስንጫወት ገፍቼው ነው። በመጨረሻ ትከሻው ላይ ትልቅ እጅ ያርፋል፤ እርሱም በአንድ ትንፋሽ «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል።

ጋሼ ዴኩን አጥፍቶ ከሱቁ ወጣ፤ ብቻዬን ተወኝ።

የተቀዳውን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ አኖርኩት፤ አንዱ እኔ ቤት፣ አንዱ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ። ውኃ ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ ሁለቱን አንድ ከተማ አላስቀምጥም። ሠርጉን በዚያው ሌሊት ለእትዬ በቴሌግራም ላክሁላት። ደውላ መናገር አቃታት፤ ለረጅም ጊዜ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምሰማው። በኋላ «አባዬን አየሁት» አለችኝ። ከካሴቱ ላይ ሌላ ምን እንዳለ ስነግራት፣ አባቷ ለሠርጓ አዲስ ካሴት መግዛት ብክነት ነው ብለው ከመሳቢያ ያወጡት እንደነበር አስታወሰች።

እናቴን ያሳየኋት እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ አየችው። ሦስተኛው ሲያልቅ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «ያ ሹራብ እኮ የእነርሱ ነው» አለች።

«የማን?»

«የእነ ሙሽራዋ። እኛ ድሬ ምን ሹራብ አለን? አዲስ አበባ ይበርዳል ስባል ከልጃቸው ተውሼ ነው። ለዚያ ነው የቀዱት፤ የልጃችን ሹራብ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው ብለው።» ትንሽ ቆይታ፣ «ደውይላት፤ ሹራቡን አጥቤ መመለሴን ታስታውስ እንደሆነ ጠይቂያት» አለችኝ።