በስቱኮ የደፈንኩት ፑሊ

አሉሚኒየም ማቅለጥ ቀላል ነው። 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ከሰልና አንድ ወናፍ ይበቃዋል። መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ገዛሁ፣ አቀለጥኩ፣ አሸዋ ላይ ቅርጽ አውጥቼ አፈሰስኩ። የምትሠሩት ድስት ከሆነ እዚህ ጋ ማንበብ አቁሙ፤ አሸዋ ይበቃችኋል።

እኔ ግን የታዘዝኩት የወፍጮ ፑሊ ነው፤ ቺንጋው (ቀበቶው) ዙሪያው ባለ ቦይ ገብቶ የሚያዞረው ክብ ዕቃ። ስድስት ፍሬ፣ ለሦስት ወፍጮ ቤቶች።

የማቅለጥ ሥልጠና ላይ ሁለት ነገር ተነግሮናል፦ «ሁሉንም በአሸዋ ሥሩ፣ ርካሽ ነው» እና «እንዲሞላላችሁ ደህና አድርጋችሁ አግሉት»። ሁለቱንም እንደ ዳዊት ሸመደድኩ። ወሩ ሐምሌ ነው። አሸዋው ረጥቧል፣ ከሰሉም ረጥቧል፣ ቁርጥራጩ ከነቅባቱ ገባ። ፍም እስኪመስል አጋልኩት።

ሲበርድ ከላይ ያምራል። ቶርኖ (ብረት መላጫ ማሽን) ላይ አስሬ ሁለት ሚሊ ስልጠው ጉዱ ወጣ። ዓይን በዓይን! እንጀራ ቢሆን ኖሮ ያስመሰግነኝ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከእርጥበትና ከቅባት የሚወጣው ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝ የቀለጠው አሉሚኒየም ውስጥ ይገባል። ባጋላችሁት ቁጥር ይበልጥ ይጠጣል። ሲረጋ ግን መያዝ የሚችለው ከዚያ ሃያ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። የተረፈው መውጫ ሲያጣ እዚያው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አሸዋ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ቀዳዳው ለመስፋት ጊዜ ያገኛል፣ ቅንጣቱም ይሻክራል።

ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ቀብድ መብላቴን ነው። ቀዳዳዎቹን በስቱኮ ደፈንኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ አስረከብኩ። ስጽፈው እንኳን ያሳፍረኛል።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አንዷ ባለ ወፍጮ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ያንተ ዕቃ ለሁለት ተከፈለ። ሰው እህሉን ይዞ ተሰልፏል።» ሮጥኩ። ስንጥቁ የጀመረው ልክ ስቱኮ ካለበት ነው። ሳነሳው የስቱኮው ዱቄት እፊታቸው ረገፈ። የተሰበረው ፊት እንደ አሞሌ ጨው ያብለጨልጫል። ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው። የቀሩትን ደግሞ ቺንጋው ቦያቸውን በልቶታል፤ ግማሹ ቁርጥራጭ የመስኮት ፕሮፊል ነበራ! እሱ ውስጥ አሉሚኒየሙን የሚያጠነክረው ሲሊከን ትንሽ ነው፣ ለስላሳ ነው።

ገንዘባቸውን መለስኩ። ሥልጠና የሰጠንን ቢሮ ሄጄ ብናገር «መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው» ብለው ሸኙኝ።

ሁለተኛውን ዙር በብረት ሻጋታ ሠራሁ። ዋጋው አስለቅሶኛል። ግን ከአምስት ፍሬ በላይ ለምትሠሩት፣ ለዚያውም ጭነት ለሚሸከም ዕቃ፣ ማንም «አሸዋ» ቢላችሁ አትስሙት። ብረት ሙቀቱን ቶሎ ይስበዋል፤ ሲሊከኑ ረጃጅም መርፌ ሳይሆን ደቃቅ ሆኖ ይረጋል። ስንጥቅ የሚወደው ደግሞ መርፌውን ነው። ሻጋታውን አስቀድማችሁ አሙቁት፣ ግራፋይትም ቀቡት፤ ካልቀባችሁት አሉሚኒየሙ ይጣበቅበታል። ቁርጥራጩ ፒስተንና ቸርኬ ብቻ ይሁን። እኔ 720 ላይ አፈሳለሁ፣ በቴርሞሜትር እንጂ በዓይን አይደለም።

ጋዝ የሚያስወጣ እንክብል ግዙ ይሏችኋል። ጭሱ መርዝ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አልሞክረውም። ከሰሉን ማድረቅ ይሻላል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ትንሽ ቅላጭ ጣሳ ውስጥ አቀዝቅዙ። መሀሉ ከሰረጎደ ጥሩ ነው፤ ካበጠ ጋዝ አለበት፣ አታፍስሱ።

እኚያ ባለ ወፍጮ አዲሱን ሲረከቡ ዝም ብለው ዙሪያውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ስቱኮ እየፈለጉ ነው።