ቪክቶሪያን የማሸነፍ አምሮት

ፉትስክሬይ ከሜልበርን መሃል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በባቡር ጥቂት ደቂቃ የምታስኬድ ሰፈር ናት። ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ቡና ይቆላል፣ እንጀራ ይሸጣል፣ ሰው በአማርኛ ከመንገድ ማዶ ይጠራራል። ሐበሻ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደዚያ ነው፤ እኔንም ወሰዱኝ። በልቼ ስጨርስ ዊተን ኦቫል የተባለው የፉትቦል ሜዳ የት እንደሆነ ብጠይቅ የምግብ ቤቷን ባለቤት ግራ ገባቸው። «እዚሁ ባርክሊ ጎዳና ላይ ነው፤ ልጄ ልምምድ ሊያይ ይሄዳል። አንተ ምን ሊያደርግልህ ነው ወንድሜ? ኳሷ እንኳ ክብ አይደለችም፤ ነጥራ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የአውስትራሊያ ፉትቦል በሞላላ ኳስ፣ በሞላላ ሜዳ፣ በየወገኑ 18 ሰው ተሰልፎ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በሜዳው ጫፍና ጫፍ አራት አራት ረጃጅም ምሰሶዎች ይቆማሉ። በመሃለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ 6 ነጥብ፣ በዳር በኩል ያለፈች 1 ነጥብ ታስገኛለች። ስለዚህ ውጤቱ 23.13 (151) ተብሎ ተጽፎ ቢያዩ 23 ጎል፣ 13 ባለ አንድ ነጥብ፣ ድምሩ 151 ማለት ነው። ይህን ያወቀ ሰው ሌላውን እያየ ይማረዋል። እኔን ከቤት ያስወጣኝ ግን ጨዋታው ሳይሆን ጠቡ ነው፤ የአውስትራሊያ ግዛቶች ምርጥ ልጆቻቸውን አሰልፈው ከመቶ ዓመት በላይ የተጋጠሙበት፣ ሁሉም የሜልበርንን ግዛት፣ ቪክቶሪያን፣ ለማሸነፍ የቋመጡበት ጠብ።

ሜዳው ደጃፍ ላይ ስሙን የሰጠው የቴድ ዊተን ሐውልት ቆሟል። ዊተን ከ1951 እስከ 1970 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለፉትስክሬይ ክለብ 321 ጊዜ፣ ለቪክቶሪያ ደግሞ 29 ጊዜ ተጫውቷል። ጫማውን ከሰቀለ በኋላም ጥቁር ሰማያዊው፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ነጭ የ«ቪ» ፊደል ያለበት የግዛቱ ማሊያ ከልቡ አልወጣም። በ1995 የፕሮስቴት ካንሰር ዓይኑን ካጠፋው በኋላ፣ ቪክቶሪያ ከደቡብ አውስትራሊያ ጋር በምትጋጠምበት ዕለት ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ በክፍት መኪና ታላቁን የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ዞረ። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ሊያሸንፉት የመጡት ደቡቦች ጭምር። ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።

በማግስቱ ወደዚያው ታላቅ ሜዳ ሄድኩ። አስጎብኚያችን በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስለ ክሪኬት ሲያወሩ ድምፃቸው ዝግ ይላል፣ ስለ ፉትቦል ሲሆን ይጨምራል። በ1989 ቪክቶሪያና ደቡብ አውስትራሊያ ሲገናኙ 91,960 ሰው ገብቶ እንደነበር ነገሩን፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ለግዛቶች ግጥሚያ ያን ያህል ሰው አልተሰበሰበም። ቶኒ ሎኬትና ጄሰን ደንስታል የሚባሉ ሁለት ግዙፍ አጥቂዎች በአንድ ማሊያ ተሰልፈው ነበር። «ያን ቀን ለደቡብ ተከላካዮች አዘንኩላቸው» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ላይ ግን የሐዘን ምልክት አላየሁም።

ስወጣ በባቡር ሐዲዱ በኩል ዞርኩ። ጆሊሞንት በሚባለው በዚህ አካባቢ ድሮ ምሥራቅ ሜልበርን የተባለ ሌላ የክሪኬት ሜዳ ነበር። በግዛቶች መካከል የመጀመሪያው ግጥሚያ ሐምሌ 1 ቀን 1879 የተደረገው እዚያ ነው፤ ያኔ ግዛቶቹ ገና የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ቪክቶሪያ ደቡብ አውስትራሊያን 7 ጎል አግብታ ያለ ምንም ጎል ሸኘቻት። ሜዳው በ1921 ለባቡር ሐዲድ ማስፋፊያ ተወሰደ። ቆሜ ባቡሮቹን ሳይ የደቡብ ሰው ብሆን ኖሮ ደግ አደረጉ እል ነበር ብዬ ሳቅሁ።

ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ፣ ወደ አደሌድ፣ የሄድኩት ኦቨርላንድ በተባለው ባቡር ነው። ጠዋት ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ የስንዴ ማሳና የበግ መንጋ እያዩ መዋል ነው፤ መሰልቸት የሚፈራ ሰው በአውሮፕላን ይሂድ። የ1879ኞቹ ተጫዋቾች ይህም አልነበራቸውም። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው ሐዲድ የተከፈተው በ1887 ስለሆነ በባሕር ተጉዘው መጥተው፣ ተሸንፈው፣ በዚያው ባሕር ተመለሱ።

አደሌድ ኦቫል ካየኋቸው ሜዳዎች ሁሉ ውቡ ነው። በስተ ሰሜን ሣር የለበሰ ጉብታ፣ ከኋላው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ሾጣጣ ማማዎች፣ በመካከል ደግሞ ከ1911 ጀምሮ የሚሠራ የውጤት ሰሌዳ አለ። ትልቅ ቤት ነው። ውስጡ በየፎቁ መሰላል ተተክሏል፤ ሠራተኞች ስምና ቁጥር የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች በእጅ ይለዋውጣሉ። ከጎኑ የኤሌክትሪኩ ስክሪን ሁሉንም በቅጽበት ያሳያል፤ ሰው ግን ዓይኑን ወደ አሮጌው ይመልሳል። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። በዚያው በ1911 የግዛቶች ውድድር እዚህ ተካሂዶ ዋንጫውን ባለሜዳዋ ደቡብ አውስትራሊያ አስቀርታዋለች። እንዲህ ያለው ውድድር «ካርኒቫል» ይባል ነበር። በ1908 ሜልበርን ላይ ሲጀመር ኒውዚላንድ እንኳ ተካፍላለች።

አደሌድ ውስጥ ጠቡ ከጨዋታነት አልፎ ቂም ይመስላል። የቪክቶሪያን ሰው በለው የሚል መፈክር በመኪና ላይ ተለጥፎ የሚዞርበት ዘመን ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሜልበርን ክለቦች ገንዘብ ነበራቸው፤ ሌላው ግዛት ያሳደገውን ልጅ ይወስዱታል። የአሰላለፉ ደንብ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ተጫዋቹ የሚሰለፈው ለተወለደበት ሳይሆን ክለቡ ላለበት ግዛት ነበር። ግሬአም ፋርመርን እንውሰድ። የምዕራብ አውስትራሊያዋ የፐርዝ ልጅ፣ በጨዋታው ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ፣ በ1962 ወደ ቪክቶሪያው ክለብ ወደ ጊሎንግ ሄደና የቪክቶሪያን ማሊያ ለበሰ። ልጅህን ወስደው መልሰው በአንተው ላይ ያሰልፉታል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ደቡቦችና ምዕራቦች ያን ያህል ዓመት መታገሣቸው ገረመኝ። ትንሿ ታዝማኒያም እንዲሁ ስትዘረፍ ኖራ በ1960 ሎንሰስተን ላይ ቪክቶሪያን በ7 ነጥብ አሸንፋ ጉድ አሰኝታለች።

ፐርዝ በአውሮፕላን ገባሁ። ከአየር ማረፊያ የጫነኝ ታክሲ ነጂ ጎንደሬ ሆኖ ተገኘ። በዋሻ ውስጥ በሚያልፍ ሰፊ መንገድ ስንሄድ «ጋሼ፣ ይህ መንገድ የኳስ ተጫዋች ስም ነው ያለው» አለኝ። የግሬአም ፋርመር አውራ ጎዳና ነበር።

ሱቢያኮ ላይ ወረድን። ስታዲየሙ በ2019 ፈርሷል፤ የድሮው መግቢያ በር ግን በቅርስነት ቆሟል፤ ሣሩም አለ፤ የአጠገቡ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይሮጡበታል። ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚህ ሣር ላይ ነው። በሰኔ 1977 ቪክቶሪያ እንደ ልማዷ መጥታ ምዕራብ አውስትራሊያን በ63 ነጥብ አሸነፈች። የሱቢያኮ ክለብ የገበያ ኃላፊ የነበረው ሊዮን ላርኪን ግን አንድ ሐሳብ ይዞ ይወተውት ነበር፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ለፈለቀበት ግዛት ይሰለፍ የሚል። በጥቅምት 8 ተሞከረ። ሜልበርን የነበሩት ልጆች መጥተው ጥቁር ዝይ የመሰለች ወፍ፣ የግዛቷ ምልክት የሆነችውን ስዋን፣ ደረታቸው ላይ አድርገው ገቡ። ውጤቱ 23.13 (151) ለ 8.9 (57)። በሰኔ በ63 ነጥብ የተሸነፈ ግዛት በጥቅምት በ94 አሸነፈ! ለረጅም ዓመታት ሲያከራክር የኖረውን የማን ይበልጣል ጥያቄ አንድ ከሰዓት በኋላ መለሰው።

ሐሳቡ መልካም ስለነበር ሌሎችም ወሰዱት። ራግቢ ሊግ የተባለው የሌላው የኳስ ጨዋታ ሰዎች በ1980 ኩዊንስላንድንና ኒው ሳውዝ ዌልስን በዚሁ ደንብ አጋጠሙ፤ የእነሱ እስከ ዛሬ በየዓመቱ አገሩን ያናውጣል። የፈጠሩት ግን ሐሳባቸውን አላቆዩትም። በ1987 ፐርዝ የራሷን ክለብ፣ ዌስት ኮስትን፣ ወደ ሜልበርኑ ሊግ አስገባች፤ በ1991 አደሌድ ተከተለች። ዌስት ኮስት በ1992 ዋንጫውን ከቪክቶሪያ ምድር አወጣ፤ አደሌድ በ1997 እና በ1998 ደገመው። በየሳምንቱ ሜልበርንን የመርታት ዕድል ያገኘ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ለሚደረግ ግጥሚያ ምን ያንገበግበዋል? ክለቦችም ብዙ ገንዘብ የከፈሉበት ጉልበት በሰው ማሊያ እንዲሰበር አልፈለጉም። ብዙዎች ጥፋቱን በክለቦች ስስት ላይ ያላክካሉ። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ቂሙ መውጫ ማግኘቱ ይመስለኛል። በ1999 ያው ቪክቶሪያ ከያው ደቡብ አውስትራሊያ ጋር፣ በያው ታላቅ ሜዳ ሲገናኙ የገባው ሰው 26,063 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመታሰቢያና ለሰደድ እሳት ተጎጂዎች እርዳታ ከተደረጉት በቀር ጨዋታው ቆመ።

እኔ ስጓዝ ግን ሊመለስ ነው ተብሎ ነበር፤ ለፌብሩዋሪ 2026 ምዕራብ አውስትራሊያና ቪክቶሪያ በስዋን ወንዝ ዳር ባለው አዲሱ ስታዲየም ተቀጣጥረው ነበር። ሾፌሬን ለማን እንደሚደግፍ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ ሜልበርን ነው የሚኖረው፤ ልጆቼ ደግሞ እዚህ ተወለዱ» አለ መሪውን እያዞረ። «ትኬቱን እኔ ገዝቼ እጠራዋለሁ ጋሼ። ከተሸነፈ የአውሮፕላኑንም እችለዋለሁ።»

«ካሸነፈስ?»

«ካሸነፈማ በእግሩ ይመለስ።»