የአራዳው ልቦለዴ የት ደረሰ? ከጆርጄት ሄየር ጋር የከረምኩበት ወቅት

ልቦለዴን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ዘመኑ 1898 ዓ.ም. ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ አራዳ። እሷ የጠጅ ቤት እመቤት ልጅ ናት፤ እሱ ከሐረር የመጣ የነጋዴ ጸሐፊ። ይዋደዳሉ፣ ነገር ይመጣል፣ የቀረውን ስጨርስ ታነቡታላችሁ። ሰሞኑን ግን ከመጻፉ ይልቅ ጆርጄት ሄየር እንዴት ትሠራ እንደነበር ሳነብ ነው የከረምኩት። ታሪካዊ የፍቅር ልቦለድ ሲነሳ ስሟ ከፊት የሚጠራ እንግሊዛዊት ናት። የሷን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የልቦለዴን በኛ።

በ1902 ዊምብልደን ተወለደች። አባቷ መምህር ነበር፤ ይሄን አታንብቢ ብሎ የከለከላት መጽሐፍ የለም። ወንድሟ ቦሪስ ሄሞፊሊያ ነበረበት፤ ደሙ ከፈሰሰ ቶሎ አይረጋም። ደከም ባለው ጊዜ እሱን ለማጫወት ብላ አንድ ታሪክ ፈጠረችለት። ያኔ 17 ዓመቷ ነበር። አባቷ ታሪኩን ወደደውና ለኅትመት እንድታዘጋጀው ገፋፋት። በ1921 «ዘ ብላክ ሞዝ» ተብሎ ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነው። 1925 ላይ ይገለበጣል። ልታገባ ሁለት ወር ገደማ ሲቀራት አባቷ በድንገተኛ የልብ ሕመም ሞተ። ጡረታ የሚባል ነገር አልተወም። የ19 እና የ14 ዓመት ወንድሞቿ በሷ ጫንቃ ላይ ወደቁ። ከዚያ በኋላ መጻፍ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። ከታሪኳ ሁሉ የያዘኝ ይሄ ክፍል ነው። የፍቅር ልቦለድ ጸሐፊ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የምትተክዝ ሴት ናት። ሄየር ግን ቤተሰብ ታስተዳድር ነበር።

ባሏ የማዕድን መሐንዲስ ነው። ሥራው ወደ ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ አካል) ሲወስደው ተከትላው ሄደች። የኖሩት ጫካ መሀል፣ ከዝሆን ሣር በተሠራ ጎጆ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀምጣ በ1745 እንግሊዝ ውስጥ የሚካሄድ ልቦለድ ጻፈች፤ «ዘ ማስከሬደርስ» ይባላል። ማመሳከሪያ መጻሕፍቷ ሁሉ አብረዋት አልነበሩም። እንደዚያም ሆኖ የሚጠቀስባት የዘመን ስህተት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ የለንደን ክለብ የተከፈተበትን ጊዜ በአንድ ዓመት አስቀድማዋለች። እኔ ወመዘክርን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት አጠገቤ እያለ አንድ ምዕራፍ አልወጣልኝ ይላል!

ባልየው በኋላ እንግሊዝ ተመልሶ ጠበቃ ሆነ። የወንጀል ልቦለዶቿንም ሴራ እሱ ይነድፍላት ነበር።

የሽያጯ ነገር ደግሞ ይገርማል። በ1926 «ዚዝ ኦልድ ሼድስ» ሲወጣ እንግሊዝ በጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ነበረች። ማስታወቂያ የለ፣ የጋዜጣ ሂስ የለ። 190,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ለማስታወቂያ ደንታም አልነበራት። ዕድሜ ልኳን ቃለ ምልልስ ሳትሰጥ ኖረች። ዛሬ ገና ሽፋኑን ስናሠራ ቪዲዮ የምንለቅ ሰዎች እንዴት እንደምናያት እንጃ።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ማስታወሻ ደብተሮቿ። ስትሞት ከ1,000 በላይ የታሪክ ማመሳከሪያ መጻሕፍት ነበሯት። ማስታወሻ የምትይዘው በርዕስ በርዕስ ከፍላ ነው፦ ውበት፣ ቀለም፣ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የቤት ዕቃ፣ ዋጋ፣ ሱቅ። በእንዲህ ያለ ዓመት ሻማ ስንት ይሸጥ እንደነበር ሳይቀር ትጽፋለች። እኔ እስከዚያ ድረስ የሰበሰብኩት ጦርነት፣ ሹመትና አዋጅ ነበር። እሱን ወደ ጎን ብዬ አዲስ ደብተር አወጣሁ። ገበያ፣ ልብስ፣ መብራት፣ መንገድ፣ ስድብና ምርቃት ብዬ ከፋፈልኩት። ከመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ትዝታና ከማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» ለየርዕሱ እየለቀምኩ ነው። የስድቡ ገጽ ቶሎ እየሞላ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ደብተሩ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱ መጀመሪያ የሚተያዩት እናቷ ጠጅ ቤት ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ «ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ» ይላል፣ አለቀ። አሁን ልጁ ጠገራ ብር ያወጣል። ብሩ ላይ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ አለች፤ መቼም ይመታ መቼ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። ልጅቷ ተቀብላ ወደ በሩ ብርሃን ትይዘዋለች። ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ጌጥ አለ፤ በላዩ ያሉትን ዘጠኝ ፈርጦች በጥፍሯ እየነካች ትቆጥራለች። ፈርጡ የተፋቀ ብር ማንም አይቀበላትም። ይሄኛው ደኅና ነው። መልሱን በአሞሌ ጨው ትሰጠዋለች። ጨው ከአፋር በራቀ ቁጥር ስለሚወደድ፣ ለአንድ ብር ስንት አሞሌ የሚለው ራሱ ክርክር ነው። እሱ ሒሳብ ያውቃል፣ እሷ የአራዳን ገበያ ታውቃለች። ተከራከሩ። እናትየው ከጓዳ «ምንድነው እሱ?» አለች። አንድ የፍቅር ቃል አልወጣቸውም፤ ግን እዚያች ጋ ነገር ተጀምሯል። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይቺን እወዳታለሁ።

ሄየር የተማረችው ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከጄን ኦስተን ነው ይባላል፤ ስታነቧትም ይታያል። የቃላት ጨዋታው፣ በጨዋ ደንብ መዋጋቱ የኦስተን ነው። ትልልቆቹ ልቦለዶቿ የሚካሄዱበትም ያው የኦስተን ዘመን ነው። ንጉሡ አእምሮው ታውኮ ልጁ እንደራሴ ሆኖ የገዛበት፣ ከ1811 እስከ 1820 ያለው። ግን ኦስተን የጻፈችው ስለ ራሷ ዘመን ነው። አንባቢዋ ሰረገላውንም ኮፍያውንም ያውቀዋል፤ አትዘረዝርም። ሄየር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ስለመጣች መዘርዘር አለባት። እኔም ያው ነኝ። የዛሬ አንባቢ ኩራዝን ሊያውቅ ይችላል፣ አሞሌን ግን በእጁ አልያዘም።

የዋተርሎውን ጦርነት የያዘው የ1937 ልቦለዷ «አን ኢንፌመስ አርሚ» ላይ የእንግሊዝን ጦር የመራው የዌሊንግተን መስፍን ይናገራል። በአፉ ያስገባችው ቃል ሁሉ እውነት የተናገረው ወይም የጻፈው ነው። አጻጻፉን ለማወቅ ብላ የእጁን ደብዳቤ እስከ መግዛት ደርሳለች። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ዐፄ ምኒልክን በልቦለዴ ውስጥ አላናግራቸውም ብዬ ወሰንኩ። በበቅሎ ያልፋሉ፣ ሕዝቡ ይሰግዳል፣ በቃ። ያላሉትን ከማስባል ዝም ማሰኘት ይሻላል።

ሁሉ ነገሯ ግን አልተመቸኝም። ዓለሟ የመኳንንት ነው፤ አሽከርና ገረድ በብዛት በር ከፍተው ይወጣሉ። «ዘ ግራንድ ሶፊ» ላይ ያለው አይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ ደግሞ ለማንበብ ያሳፍራል። እኔ ጠጅ ቤቱን ማዕከል ማድረጌም አንዱ ከዚህ የመጣ ነው።

ራሷ ለሥራዋ የነበራት ግምት የተደባለቀ ነው። እንዲህ ያለ ቅራቅንቦ በመጻፌ ልረሸን ይገባኛል ብላ በደብዳቤ ቀልዳለች። በሌላ በኩል ከሩማንያ የመጣላትን ደብዳቤ አስቀምጣዋለች። ጸሐፊዋ ለ12 ዓመት የፖለቲካ እስረኛ የነበረች ሴት ናት። «ፍራይዴይስ ቻይልድ» የተባለውን የሄየርን ልቦለድ በቃሏ እየተረከች የእስር ቤት ጓደኞቿን ታጽናና ነበር። ሄየር ከልቧ ልትጽፍ የፈለገችው ግን ስለ መካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ነገሥታት ቤተሰብ፣ ስለ ላንካስተሮች ነው። የመኳንንቱን የዘር ሐረግ ስላ፣ ዓርማቸውን ቀለም ቀብታ ተዘጋጅታ ነበር። ግብር ሲመጣ ያንን ታስቀምጥና ቶሎ የሚሸጠውን የእንደራሴ ዘመን ልቦለድ ትጽፋለች። በ1974 ስትሞት ሳይጠናቀቅ ቀረ። በማግስቱ ዓመት «ማይ ሎርድ ጆን» ተብሎ እንደተቆረጠ ታተመ።

ቀጥሎ የምገባው ወደ ጉዞው ምዕራፍ ነው። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደርሷል፤ አዲስ አበባ ግን ገና ዓመታት ይቀሩታል። ስለዚህ ልጁ እስከ ድሬዳዋ በበቅሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ጅቡቲ በባቡር። የቅፍለት ጉዞ ወጪ፣ የበቅሎ ኪራይ፣ የስንቅ ዝርዝር ያስፈልገኛል። ከቤተሰብ የቆየ የዕዳ ወረቀት፣ የኪራይ ውል ወይም ደብዳቤ ያላችሁ ፎቶ አንሱልኝ። ስሙን ሸፍኑት፣ ዋጋው ብቻ ይበቃኛል።