ሰባ ሰው በአንድ ላፕቶፕ፦ የአባቴን ሙት ዓመት በዙም እንዴት እንዳበላሸሁት

የአባቴን ሙት ዓመት በዙም ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔው ነኝ። ዳስ ጥሎ፣ ላፕቶፕ ከፍቶ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቹን "ግቡ" ሊል ያሰበ ሰው ካለ ይህን ያንብብ። እኔን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ቤታችን ፍኖተ ሰላም ነው። ዘመዱ ግን አዲስ አበባ፣ ሜሪላንድ፣ ኢየሩሳሌም፣ ጆሃንስበርግ ተበትኗል። ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ስለሚቆርጥ ሜሪላንድ ያለው የአጎቴ ልጅ በሚከፍልበት አካውንት ከፈተልን። ሊንኩን የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ቴሌቪዥን ከጎረቤት ተዋስኩ። ኢንተርኔቱ የስልኬ ሆትስፖት ነው፤ ስልኬ ዳታውን በዋይፋይ ለላፕቶፑ ያካፍላል።

ሙከራም አድርጌ ነበር፤ ሳይሞክር ገባ አትበሉኝ። በዋዜማው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እኔ፣ የአጎቴ ልጅና አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ገባን። ምስሉ ኩልል ያለ ነው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግስቱ 6 ሰዓት ላይ ሰባ ሰው ገባ። እኔም ማይኩን ይዤ "ሁላችሁም ካሜራ ክፈቱ፣ እናታችን ትያችሁ" አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ቴሌቪዥኑ ላይ 25 ፊት ባንዴ ተደረደረ። እናቴ ወንበሯን አስጠግታ "ይቺ የማን ናት? ይሄስ እንዲህ አደገ?" እያለች በጣቷ ትቆጥራለች። አምስት ደቂቃ ያህል ጀግና ነበርኩ።

ከዚያ ታላቁ አጎቴ ሊናገር ተነሣ። ሁላችንም አያ ነው የምንለው። ስለ አባቴ ተናግሮ ሊመርቅ ነው። "ልጆቼ" አለ፤ ኢየሩሳሌም የደረሰው "ል... ል..." ነው። እዚያ ያለችው እታለም "አይሰማም!" አለች። ጆሃንስበርግም "አይሰማም!" አለ። የማንንም ማይክ አልዘጋሁም (ሚውት አላደረግሁም) ነበርና ሰባው ሰው ባንድ ላይ "አይሰማም" ይል ጀመር፤ ይህ ጩኸት ብቻ ጥርት ብሎ ይሰማል። አያ ግን አላቆመም። ዳሱ ውስጥ ያሉት "ኧረ ዝም በሏቸው!" ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የእህቴ ልጅ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀርቷል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ደንግጬ ሆትስፖቱን አጥፍቼ አበራሁት። ሁሉም ተቋረጠ። ተመልሰን ስንገናኝ አያ ተቀምጦ ጠላውን ይዟል። ምርቃቱ አልቋል። ሪከርድም አላደረግሁም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። ከሙት ዓመቱ ሁለት ቀን በፊት ኢንተርኔት ከሚሸጥልን ቢሮ ሄጄ "ሰባ ሰው ላወራ ነው፣ ምን ይሻለኛል?" ብዬ ነበር። ሰውዬው ቀና ሳይል "ትልቁን ፓኬጅ ግዛ" አለኝ። ገዛሁ። ከተዋረድኩ በኋላ ተመልሼ ስሄድ ደግሞ "መስመሩ ደህና ነው፣ ስልክህ ነው" አለኝ። ፓኬጅ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፤ የብዛት ነው። ጋኑን አሳደገልኝ እንጂ ጠላው የሚወርድበትን ቀዳዳ አላሰፋውም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ኋላ ራሴ ሳነብ የገባኝ እንዲህ ነው። ዙም የሰባውን ሰው ምስል አንድ አድርጎ ቀቅሎ አይልክልህም። ስክሪንህ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ፊት ለብቻው ይመጣል፤ ላፕቶፕህም እያንዳንዱን ለብቻ ይፈታል። በዙም መመሪያ 25 ፊት ባንዴ ለማየት በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይፈልጋል። ድምፅ ግን 60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ አንድ ሜጋቢት ሺህ ኪሎቢት ነው። ማለትም እናቴ ፊት በምትቆጥርበት መስመር ሃያ አምስት አያ መናገር ይችል ነበር። የኔ ካሜራ ወደ ውጭ የሚልከው ደግሞ ለብቻው ነው፤ ኤችዲ (ከፍ ያለ የምስል ጥራት) ብዬው ስለነበር ይህም ሌላ 2.6 ሜጋቢት ይጠይቃል። የኛ አሮጌ ላፕቶፕ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ነበር፤ እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ ዝም አልኩት።

ሌሊት የሞከርኩትም ለዚህ ነው ያታለለኝ። በዚያ ሰዓት የኔት ወርኩን ምሰሶ የሚጋራኝ ሰው የለም፣ ፊቱም ሦስት ብቻ ነው። ስልኩን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጬው ነበር። ስልክ ሲግል ራሱን ያዘገያል። በሱና በላፕቶፑ መካከል ያ ሁሉ ሰው ይመላለሳል፤ የሰው አካል ደግሞ ዋይፋይ ይውጣል።

ከስድስት ወር በኋላ የታናሽ እህቴ ሠርግ መጣ። አሁንም እኔው ነኝ የተያዝኩት፤ እናቴ "አንተ ታውቀዋለህ" አለች፣ ምጸት ይሁን እምነት አልገባኝም።

በዚህኛው ሙከራውን ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ ሃያ ሰው አስገብቼ አደረግሁ። ስልኩን በፕላስቲክ ገመድ የዳሱ ምሰሶ ላይ፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ፣ ጥላ ውስጥ አሰርኩት። ከላፕቶፑ ጋር በኬብል ባገናኘው ይሻል ነበር፤ ኬብሉ አጠረኝ። ኤችዲውን አጠፋሁ። ሁሉንም ሚውት አድርጌ፣ ራሳቸው እንዳይከፍቱም ከለከልኩ። ካሜራ የሚከፍተው ስሙ የተጠራ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ትልቅ አድርጌ አወጣዋለሁ። "ካሜራ መክፈት ያቀራርባል" የሚሉ አሉ። ቢሮ ውስጥ ይሆናል። ዳስ ውስጥ ያራርቃል።

ትልቁ ነገር ግን መጠባበቂያው ነበር። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ቤቷ ፋይበር፣ ማለትም በመስመር የሚገባ ፈጣን ኢንተርኔት፣ አላት። እኛ ጋ ኢንተርኔቱ ከሄደ በተራ ስልክ፣ ያለ ዳታ፣ ትደውልልኛለች፤ እሷ ስልኳን ስፒከር ላይ አድርጋ ዙሙ አጠገብ ታስቀምጣለች። ውጭ ያለው ሰው የኛን ድምፅ በሷ በኩል ይሰማል። ይህን የትም መመሪያ ላይ አላየሁትም።

ደግሞም አስፈለገ። ምርቃቱ ሊጀመር ሲል ኢንተርኔቱ ጠፋ። እህቴ ደወለች። ተራውን ስልክ አያ አፍ ሥር ያዝኩለት። መጀመሪያ ስልኩን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ዛሬስ ይሰማል?" አለኝ።

ከአዲስ አበባ እህቴ "ይሰማል አያ፣ እታለምም እየሰማች ነው" አለችው። ጉሮሮውን ጠራርጎ "ልጆቼ" ብሎ ጀመረ።