ልዩ ልዩ አሮጌ እንጨት

በ2004 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። የሚወገዱ ዕቃዎችን የሚለይ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የተሰበረ ወንበርና ያለቀ ጎማ ስንቆጥር ሰንብተን በአራተኛው ቀን ከመጋዘኑ ጥግ ደረስን። እዚያ፣ ከቆርቆሮ ክምር ሥር፣ ድሮ ለገበሬዎች ሥልጠና የመጣ ሙሉ የእርሻ ዕቃ ተጋድሟል። የንብረት ካርዱ ጠፍቷል።

ሰብሳቢያችን በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገና «ልዩ ልዩ አሮጌ እንጨት ብለህ ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩት።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኔ ከሰርቦ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ያደግኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የእያንዳንዱን እንጨት ስም ከነሥራው አውቃለሁ። ነገር ግን ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ ቃለ ጉባኤውም ለማግስቱ ይፈለግ ነበር፤ ሁላችንም ፈርመን ጨረስን።

ቁልፍ ይዘው በር ላይ የቆሙት የጥበቃ ሠራተኛ፣ የጅሬን አካባቢ ሰው፣ ጠጋ አሉና «ምን ብለህ ጻፍከው ልጄ?» አሉኝ።

«እንጨት ነው ያልኩት አባባ።»

መልስ አልሰጡኝም። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጢጥ አሉና ከክምሩ አንድ በአንድ መሳብ ጀመሩ። ሞፈሩን አጋደሙት፤ እርፉን ከማረሻው ገጠሙ፤ ሁለቱን ድግሮች ግራና ቀኝ አስጠጉ፤ ክፍሎቹን አጥብቆ የሚይዘውን የብረት ቀለበት፣ ወገሉን፣ አጥልቀው በድንጋይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። አንድም ሚስማር የለበትም። የቆዳ ማሰሪያውን፣ ምራኑን፣ አይጥ በልቶታል፤ በእሱ ፈንታ የከረጢት ማሰሪያ ሲባጎ ፈልገው ቀንበሩን ከሞፈሩ አሰሩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። መሬት ላይ የተዘረጋው ነገር በሬ የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከዚያ ቀንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ዋንዛ ነው፤ ስለሚቀል ትከሻ አይጎዳም» አሉ። በሬው አንገት የሚያርፍበት ጎድጓዳ እንደ ሸክላ ለስልሷል፤ ከስንጥቁ ውስጥ ቀይ ጸጉር ተሰክቶ ቀርቷል። «እይ፣ ወዲህ በኩል የበለጠ ተበልቷል። ሁለቱ በሬዎች እኩል አልነበሩም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እንጨትማ ጫካ ውስጥ ያለው ነው። ይህንን በሬ ያውቀዋል።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ «አባባ፣ ፊርማው አልቋል» አላቸው። እኔም ዝም አልኩ። አንድ መስመር ሰርዞ በላዩ መፈረም ምን ያህል ቀላል እንደነበር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ዕቃው ለሠራተኞች ክበብ ማገዶ ሆነ። ሦስት ሜትር ያህል የነበረው ሞፈር በመጥረቢያ ተከፋፍሎ ከምድጃው አጠገብ ተደርድሮ አየሁት። ከሳምንት በኋላ ዘበኛው ከአመዱ ውስጥ ያወጡትን ወገል በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልኝ። «ብረት አይነድድም፤ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው ሄዱ። በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ዕቃዎች በከተማው ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ መቀመጥም ይገባቸዋል። ቤተ መንግሥቱን ግን ማን ቀለበው? ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ አንድ የጤፍ ማሳ ከመጀመሪያው እርሻ፣ ከገመሳው፣ ጀምሮ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ይታረሳል። አባቴ ያንን ሁሉ በባዶ እግሩ ከእርፉ ኋላ ተመላልሶበታል። የሐሙስ ገበያ እህል የሚመጣው ከእንዲህ ያለ ምልልስ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ዐውደ ርዕይ «የባህል የእርሻ ዕቃ» እንዲገዛ ታዘዘ። ያዘዘው ያው ሰብሳቢ ነበር። ቫርኒሽ የተቀባ፣ አፈር ነክቶት የማያውቅ ሞፈርና ቀንበር በመኪና መጣና ገቢ እንዳደርግ ሞዴል 19 ቀረበልኝ። በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ሞፈር 1፣ ቀንበር 1፣ እርፍ 1፣ ማረሻ 1፣ ድግር 2 ብዬ ዘረዘርኩ፤ ከሥሩም «ወገል የለም፤ በሚስማር የተያያዘ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሰብሳቢው ወረቀቱን ይዞ ቢሮዬ ድረስ መጣ። «ወገል ምንድን ነው? ለምን ጎደለ ትላለህ?»

መሳቢያዬን ከፍቼ ጨርቁን ፈታሁና ፊቱ አስቀመጥኩለት። አመዱ ገና አልለቀቀውም ነበር።