በማን ክንድ?

ሃያ ሁለት ዓመት ጅማ ውስጥ አናጺ ሆኜ ስሠራ ያልተሳሳትኩት ስሕተት ያለ አይመስለኝም ነበር። መስኮት አጣምሜአለሁ፣ የሙሽራ አልጋ አጥሮብኝ ሌሊቱን ሙሉ ስቀጥል አድሬአለሁ፣ አንዴ ደግሞ የቁምሳጥን በር ገልብጬ ገጥሜ ባለቤቱ ቤቱ ወስዶ ነው ያየው። እነዚህ ሁሉ በሳቅም በካሳም አልፈዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ ላይ የሠራሁትን ግን ባሰብኩት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ልጅቷ የመጣችው በዝናብ ነው። የጅማን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ፀሐይ አምነህ ያሰጣኸውን ጣውላ ከሰዓት ከነውኃው ታነሳዋለህ። ከኋላዋ አንድ አይሱዙ እንጨት ጭኖ ቆሟል። ጥላሸት የጠጣ፣ ምስማር የተነቀለበት፣ አሮጌ እንጨት።

«ጋሼ፣ በር እንዲሠሩልኝ ነው።»

«ስንት?»

«አምስት።»

«መዝጊያው ከምን ይሁን?»

«መዝጊያ የላቸውም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግድግዳም የላቸውም» ብላ ጨመረችበት።

ተለማማጁ ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ሰጋቱራ መጥረግ ጀመረ። እኔም ወደ ውስጥ አስገባኋትና ሻይ አስመጣሁ። ሠዓሊ ናት። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ጅማ ሲሆን አዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተምራ ተመልሳለች። ደብተሯን ገልጣ አሳየችኝ። ግማሹ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፤ ሰገነቱ፣ የእንጨት ቅርጻ ቅርጹ፣ በሮቹ። ግማሹ ደግሞ ሥርና ቅጠል ነው። አንዳንዱ ገጽ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ምሰሶው ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በቅርንጫፉ መካከል የሴት ልጅ ፊት ይታያል። ፊቱ የራሷ ነው።

እንጨቱ የአያቷ ቤት ነው። አያቷ ካረፉ በኋላ ቤቱ ለወራሾች ሲከፋፈል ፈረሰ፤ ለእናቷ የደረሰው የጓሮው ቡና ብቻ ነው። አያትየው በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ምሰሶው ሥር ያቆሟትና በአናቷ ልክ በከሰል ይጭሩ ነበር። ቤቱ የሚፈርስ ዕለት ሮጣ ደረሰች፣ ሜትር ግን አልያዘችም። ስለዚህ ጭረቶቹን በገዛ ክንዷ ለክታ ወረቀት ላይ ጻፈቻቸው። ምሰሶው ውጭ ተጥሎ ስለነበር ከሰሉ በዚያው ሳምንት በዝናብ ታጥቦ ጠፋ። የቀረው ወረቀቷ ላይ ያለው ብቻ ነው።

አሁን የምትፈልገው በእያንዳንዱ ዕድሜዋ ልክ አናቷ ሳይነካ የምታልፍበት በር ነው። ጓሮው ውስጥ ቡናው መካከል ይተከላሉ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ አንደኛው በር ሁለት ክንድ፣ ሁለተኛው ሁለት ክንድ ከስንዝር፣ ሦስተኛው ሦስት ክንድ፣ አራተኛው ሦስት ክንድ ከስንዝር፣ አምስተኛው አራት ክንድ። ወርዱ ለሁሉም አንድ ክንድ ከስንዝር።

ምስማር አይነካውም አለች፤ እሺ አልኩ። በወንዴና በሴቴ መግጠም ለኔ ቁም ነገር አይደለም፣ የጅማ ሰው ሦስት እግር ያለው በርጩማ ያለ ምስማር ከአንድ ግንድ ሲፈለፍል የኖረ ነው። ቫርኒሽ አይቀባም አለች፤ ለዚህም እሺ። እግሩ ላይ የተቃጠለ ዘይት አይቀባም ስትል ግን ተከራከርኩ።

«ልጄ፣ መሬት የሚገባ እንጨት እንዲሁ ከተተወ ምስጥ ይበላዋል።»

«ይብላው።»

«እንዴት ይብላው? ገንዘብ ከፍለሽበት?»

«አያቴም እኮ መሬት ውስጥ ናት፣ ጋሼ» አለችኝ። እዚህ ላይ ክርክሩን ተውኩት። በነገራችን ላይ አሁንም አልተስማማሁም፤ ሥራዬ እንጨት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ደግነቱ የአያትየው እንጨት ዋንዛ ነበር፤ ዋንዛን ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም።

ቀብዱን ተቀብዬ ሸኘኋት። እንጨቱ ተሰንጥቆ ሲደረደር 20 ሜትር ከ60 ወጣው። ወረቀቱን ለተለማማጁ ሰጥቼ ልኩን በጠመኔ እንዲያሰፍር አዘዝኩት። አየው፣ አገላበጠውና፦

«ጋሼ፣ በማን ክንድ ነው?»

እንግዲህ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። መጋዝ ከያዘ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ትከሻዬ ላይ የሌላ ሰው ቁምሳጥን፣ የሌላ ሰው ወንበር አለ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። «ክንድ ክንድ ነው!» አልኩት። «ግማሽ ሜትር ብለህ ያዝና ሥራ!»

ያዘና ሠራ።

ከትልቁ ጀመርን። አናጺ ሁልጊዜ ከረጅሙ ይጀምራል፣ ምክንያቱም ከረጅም አጭር ይወጣል፣ ከአጭር ግን ረጅም አይወጣም። ሁለት ሜትሩ፣ ሜትር ከ75ቱ፣ ሜትር ከሃምሳው፣ ሜትር ከሩቡ አማረ። «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለውን እኔው ራሴ ነኝ ያስተማርኩት፤ ዐሥሩንም ጊዜ ለክቻለሁ። ትንሿ በር ጋ ስንደርስ ግን እንጨቱ አለቀ። የቀረው አንድ ሜትር ከ60 ሲሆን የሚያስፈልገው ሦስት ሜትር ተኩል ነበር።

እዚህ ላይ ልጅቷን መጥራት ነበረብኝ። አልጠራሁም። አይሱዙው ላይ ሲጫን የጎደለ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ከጎረቤት የባሕር ዛፍ ሞራሌ ገዛሁና የቀረውን ዋንዛ አንድ ጥግ አስቀምጬ ትንሿን በር ሙሉ በሙሉ ከአዲሱ ሠራኋት፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ያስታውቃል ብዬ ነው። ነጭ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አልሄድ አለ። ታዲያ ምን ያደርጋል? ጅማ ነው ያለነው። ባለቤቴን ቡና በወፍራሙ አፍይልኝ አልኳት፤ አተላውን ጭምር በጨርቅ አሸሁበት፣ ሲደርቅ ደገምኩት፣ በመጨረሻ ከምድጃ ጥላሸት አምጥቼ አስነካሁት። ለማንም ባሳየው የመቶ ዓመት እንጨት ነው ይል ነበር። ተለማማጁ ቆሞ ያየኛል። ምንም አልተናገረም፤ ዝምታው ግን ደስ አላለኝም።

ልጅቷ መጣች። በሮቹን ግድግዳ ላይ አስደግፈን ደርድረናቸዋል። መጀመሪያ ትልቁ በር ሥር ሄዳ ቆመች። ቀና አለች። እጇን ዘረጋች፤ ጉበኑን በጣቶቿ ጫፍ ነካችው። ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን በር ነው?»

«ያንቺ ነው እንጂ። አራት ክንድ።»

«ክንድዎን ያሳዩኝ።»

ዘረጋሁላት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሜትር አንስታ ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ ለካች። 49። ከዚያ የራሷን ለካች። 43።

«ይሄ በር የእርስዎ ነው» አለችኝ። በንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን እንዲሁ የተቀመጠ ዕቃ የማን እንደሆነ እንደሚናገር ሰው ነው ያለችው።

እኔ ክንዱን ግማሽ ሜትር ብዬ ሁለት ሜትር ያደረግኩት አራት ክንድ፣ በእሷ ክንድ 1 ሜትር ከ72 ነው። እሷ ደግሞ 1 ሜትር ከ62 ነች። በኋላ ሦስታችንም ተለካክተናል፦ ሰው ሁሉ በራሱ ክንድ አራት ሊሞላ ጋት ያህል ይጎድለዋል። እኔ ረጅም ነኝ፣ 1 ሜትር ከ85። የእኔም እንደዚያው ነው።

ቀጥሎ ትንሿ በር ጋ ሄዳ ቁጢጥ አለች። መቃኑን በጥፍሯ ጫረችው። አፍንጫዋን አስጠጋች። ሌሎቹን አሸተተች፣ ወደ ትንሿ ተመለሰች።

«ይሄኛው ቡና ቡና ይሸታል።»

ያኔ ያልኩትን አላስታውስም። የወረቀቱን ጥፋት ማንሳት ጀምሬ ነበር መሰለኝ፤ «በሜትር ብትጽፊው ኖሮ» ወይም እንዲህ ያለ ነገር። ተለማማጁ ነው ያቋረጠኝ። «ጋሼ፣ ጠይቄ ነበር» አለ፤ ጮክ ብሎ አይደለም። ልጅቷ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አለቃው ሆኜ ሳስተምረው ያን ዕለት ብቻ ነው ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ።

ረጅም ነገር እኮ ይቆረጣል፣ ምን ችግር አለው የሚል ይኖራል። አራቱን መቁረጥ ይቻላል፤ ወንዴውን እንደገና ማውጣት፣ ሴቴውን እንደገና መምታት የሁለት ቀን መሮ ነው። ችግሩ ትንሿ ናት። ለሁለት ዓመት ሕፃን የተሠራችው፣ አያትየው መጀመሪያ የጫሩባት በር፣ ከአያትየው ቤት አንድ ስንጣሪ እንኳ የላትም። ከትልልቆቹ የሚቆረጠው ደግሞ ብጣሽ ነው፤ 28 ሣንቲም፣ 24፣ 21። ብጣሽ ማገዶ ነው።

ልጅቷ ግን ብጣሾቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ጥግ የተቀመጠውን ሜትር ከ60 አስመጣችና አንዱ መቃንና ጉበኑ ከሱ ይውጣ አለች። ሁለተኛው መቃን ከአራት ብጣሽ ይቀጠል። «እንደ ሸንኮራ» አለች፤ «አንጓው ይታይ፣ እንዳይደብቁት።» ደፉ ብቻ ከባሕር ዛፉ ይሁን ተባለ፤ ቡናውን ግን በመላጊያ አንስቼ ነጭነቱን እንድመልሰው አዘዘችኝ። ያንን ሥራ ሰው ሳይረዳኝ ነው የሠራሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ከአራቱ በር ይልቅ ያቺ አንዷ እግር።

በእነዚያ ሦስት ቀናት እየመጣች ትቀመጥ ነበር፤ ትሥላለች፣ ታወራለች። ሜትር ራሱ መጀመሪያ የተወሰደው ከመሬት ነው አለችኝ፤ የፈረንሳይ ሊቃውንት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለዐሥር ሚሊዮን ከፍለው ያወጡት። ለ ኮርቡዚዬ ስለሚባል ስመ ጥር አርክቴክትም ነገረችኝ። ቤት በሰው አካል ልክ ይሠራ ብሎ ተነሣና መለኪያ የሚሆን አንድ ሰው መረጠ፤ መጀመሪያ 1 ሜትር ከ75፣ ኋላ ደግሞ 1 ሜትር ከ83 አደረገው። ወንድ ነው። የበሩም የጣራውም ስሌት ከዚያ ሰውዬ ይነሣል።

«ከኔ በሁለት ሣንቲም ያጥራል» አልኳት።

«ያም ክንድ ክንድ ነው ብሏል ማለት ነዋ» አለ ተለማማጁ ከወደ መጋዙ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ነው ከልጁ ጋር እንደ ድሮው የሆንነው።

በሮቹ ነሐሴ ላይ ተተከሉ። ጓሮው በሰሳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ይዟል፣ መሬቱ ረግረግ። ከትልቁ እስከ ትንሹ በአንድ መስመር አቆምናቸው። በትልቁ በር ቆሞ ያየ ሰው በር ውስጥ በር፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ በር፣ በመጨረሻ በትንሿ ውስጥ አንድ የቡና ችግኝ ያያል፤ ከሁለት ቅጠል አይበልጥም። ለካ ችግኟን መጀመሪያ ተክላ ነው በሮቹን ያሰለፈችው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሥነ ጥበብ መሆኑ ያኔ አልገባኝም፣ አሁንም ግማሹ ነው የገባኝ። የሰፈር ልጆች ግን ማንም ሳያስረዳቸው እየተሯሯጡ የየራሳቸውን በር አገኙ። አንዷ ሦስተኛው ላይ አናቷን አስነክታ «የኔ ይሄ ነው!» ብላ አልለቅም አለች።

እኔ በትልቁ ጎንበስ ብዬ አለፍኩ። በአራተኛው ወገቤን አጠፍኩ። በሦስተኛው እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እንደምንም። ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም።

ባለፈው ሰሞን አይቻቸው ነበር። የባሕር ዛፉን ደፍ ምስጥ ጨርሶታል፤ አፈር ሆኖ ሣር በቅሎበታል። አንጓ ያለው መቃን ላይ የዛፍ ሽበት ወጥቷል፣ መጋጠሚያው ግን ፀጉር አያስገባም። ችግኟ የትንሿን ጉበን አልፋለች።

ትናንትና ደግሞ አንዲት እናት መጡ። ሣጥን ይፈልጋሉ፣ ቁመቱ ሁለት ክንድ፣ ወርዱ ክንድ ከስንዝር። ተለማማጁ ጠመኔውን አስቀምጦ እኔን ያያል። ሜትሬን ይዤ ተነሣሁ።

«እማማ፣ እስቲ ክንድዎን ያውጡ።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «ምነው ልጄ፣ ልትወጋኝ ነው እንዴ?»